የሳምቹን ቹኖክ መረብ

ጄጁ ደሴት፣ በዘጠነኛው ጨረቃ፣ በሃያኛው ቀን

ለልጄ ለዳሶም፣

የባሕሩ ንጉሥ ይጠብቅሽ። እኔ ያለሁት የብስ ላይ ነው ብለሽ አትሳቂ፤ እሱ የብሱንም ያያል። እናትሽ ደህና ናት? ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ግን ጭራሽ ተደፍኗል፤ ስልሳ ዓመት ባሕር ሲገባበትና ሲወጣበት የኖረ ጆሮ ከዚህ በላይ ምን ይሁን። ስልክ ብትደውዪልኝ ከግድግዳ ጋር ነው የምታወሪው፤ ስለዚህ ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኔና አያትሽ የወንድማማች ልጆች ነን፤ ጄጁ ላይ ታላቅ ዘመድን ሁሉ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ «ሳምቹን» እንደምንለው እኔንም ሳምቹን ትዪኛለሽ፤ ከዘመድ ሁሉ የተማርሽ ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቁጥር ነው የምታጠናው ብላ እናትሽ ነግራኛለች። ቁጥር አይተሽ እውነቱን ከውሸቱ ትለያለሽ አሉ። ጉድ ነው። እንግዲያው ለእኔም ለዪልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ፣ ትንፋሽ ይዘን ባሕር የምንጠልቀው ሴቶች ማኅበር አለቃ ማልሱን ናት። እኔ እጇን ይዤ መዋኘት ያስተማርኳት ማልሱን! ባለፈው በድንጋይ ግድግዳ በተከለለው እሳታችን ዙሪያ ተቀምጠን ልብሳችንን ስንቀይር ብድግ ብላ፣ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ከጥልቁ ወጥተው ወደ አሮጊቶች ባሕር ይግቡ የሚል ሐሳብ አመጣች። የአሮጊቶችን ባሕር ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ሸርጣን ስታሳድጂ የምትውዪበት፣ ውኃው ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጠው ነው። ሰባ አምስት አልፏት ጥልቁ ውስጥ የቀረች ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ለማን እንደታሰበ ይገባሻል መቼም።

ለምን? ብዬ ጠየቅኳት። በጣቷ አሸዋው ላይ «ደክመሻል» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ! የማወጣው የባሕር ቀንድ አውጣ በየቀኑ በማኅበሩ ሚዛን ይመዘናል፤ የዘንድሮው ካምናው አላነሰም። ውሳኔው የሚሰጠው በሁለተኛው ጨረቃ ለነፋሷ እመቤት ሥርዓት ካደረግን በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ «ቡ ቹኖክ አልደከመችም» የሚል ወረቀት ጻፊልኝ። ማኅተም ይኑረው። ባሌና ልጄ ከሄዱ ወዲህ ጠዋት ተነሺ ተነሺ የሚለኝ ጥልቁ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዱብኝ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ማየት ነው የሚቀረኝ።

ሳምቹንሽ ቹኖክ


ኦሳካ፣ ኖቬምበር 6

ለተከበሩ ሳምቹን ቹኖክ፣

ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። ክረምቱ ሳይጠናብዎ በሙሉ ጤና እንዲሻገሩት እመኛለሁ። እናቴ እጅ ትነሳለች። ጉልበቷ ከበፊቱ ይሻላል፤ ሳምቹን መንደሪን ብትልክልኝ ደግሞ ጨርሶ ይድናል ትላለች።

ጥያቄዎን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ደስ ያለኝ ከሰው ሁሉ እኔን ስለጠየቁኝ ነው። የፈራሁት ደግሞ ገና ሳልመረምር ወረቀቱ ምን ማለት እንዳለበት አስቀድመው ስለነገሩኝ ነው። ሳምቹን፣ የእኛ ሥራ ከዳኛ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ዳኛ «ተከሳሹ ምንም አላደረገም» ብሎ ይነሳል። እኛም «ምንም የተለወጠ ነገር የለም» ብለን እንነሳለን፤ ይህንን መነሻ ግምት እንለዋለን። ከዚያ ማስረጃውን እናይና፣ ምንም ሳይለወጥ እንዲህ ያለ ቁጥር እንዲያው በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል ወይ? ብለን እንጠይቃለን። በቀላሉ የሚመጣ ከሆነ ግምቱን አንነካውም። ይመጣል ተብሎ የማይጠበቅ ከሆነ ግን ግምቱን እንጥለዋለን።

ባሕር ደግሞ በየቀኑ አንድ አይደለም። አንድ ቀን ውኃው ይደፈርሳል፣ አንድ ቀን ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል። ስለዚህ አንድ መልካም ቀን ብቻውን ስለ እርስዎ አይመሰክርም፤ አንድ መጥፎ ቀንም እንዲሁ። የብዙ ቀን አማካይ ነው የሚያስፈልገኝ። ያምናውን መከርና የዘንድሮውን መከር፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ተመሳሳይ የሆነባቸውን ቀናት መርጠው፣ የእያንዳንዱን ቀን ክብደት ይላኩልኝ። መልካሞቹን ብቻ አይምረጡ። ያፈሩባቸውንም ጭምር ይላኩ፤ አለበለዚያ ወረቀቴ ውሸት ይሆናል።

ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በበጋ ስመጣ፣ ከባሕር ሲወጡ ራስዎን በሁለት እጅዎ ይዘው ሲቀመጡ አይቼ ነበር። አሁንስ እንዴት ነዎት?

በአክብሮት፣ ዳሶም


ጄጁ፣ በአሥረኛው ጨረቃ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ለልጄ ለዳሶም፣

ዕድሜሽ እንደ ባሕሩ ዳርቻ ይርዘም። መንደሪኑን በካርቶን ልኬያለሁ፤ ለእናትሽ «ልጣጩንም ቀቅለሽ ጠጪው» በያት። ላንቺም ይበቃል፤ ከዚያ የተረፈውን ለዚያ ስሙን ለማትነግሪኝ ልጅ ስጪው። የለም ካልሽም ፈልጊ፤ ቁጥር ሌሊት ብርድ ልብስ አያለብስም።

ያፈርኩበት ቀን የለኝም። አንቺ አፍሪበት ያልሽውንም ግን አብሬ ልኬያለሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ በየቀኑ የምትሰጠንን ቁራጭ ወረቀት ሁሉ በኩኪስ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ አንዱንም አልደበቅኩሽም። አምና አራት ኪሎ ብቻ ያወጣሁበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ባሕሩ ጭቃ ነበር፣ ማልሱንም ራሷ አምስት ነው ያወጣችው። እሱንም ጻፊ።

ማልሱን ሰሞኑን ታየኛለች። ከውኃ ብቅ ስል ፊቷ ወደ እኔ ዞሮ አገኘዋለሁ። ጥፋት ፍለጋ ነው። ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ አልደነቆረም።

እግረ መንገድሽን፣ እዚያ የሚሸጠውን የራስ ምታት ዱቄት አንድ ፓኬት ላኪልኝ። ለጎረቤት ነው።

ቹኖክ


ኦሳካ፣ ኖቬምበር 30

ለተከበሩ ሳምቹን፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ። መንደሪኑ ደርሷል። እናቴ ልጣጩን ቀቀለች፤ ቤቱ በሙሉ የጄጁ ሽታ ሸተተ፤ እኔም ሳላስበው አለቀስኩ። ዱቄቱን ልኬያለሁ።

ቁጥሮቹን መረመርኩ። የአምናው መከር አማካይ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ ኪሎ ነው። የዘንድሮው አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት። ግማሽ ኪሎ ቀንሷል ማለት ነው። አይደንግጡ! ጥያቄው ግማሽ ኪሎ ቀነሰ ወይ አይደለም፤ ይህን ማንም ደምሮ አካፍሎ ይደርስበታል። ጥያቄው፣ ምንም ሳይደክሙ ባሕሩ ራሱ ብቻ ይህን ያህል ሊያወጣና ሊያወርድ ይችላል ወይ ነው። ይችላል። ምንም ባይለወጥ እንኳ፣ ከመቶ መከር በስልሳ ያህሉ ይህን ያክል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት ይታይ ነበር። ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች ይዞ «ቡ ቹኖክ ደክማለች» ማለት አይቻልም።

ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፌ አስተማሪዬ ፈርሞበታል፤ የክፍላችንን ማኅተም አድርገንበታል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉልኝ። «መድከሟን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም» ማለት «አለመድከሟን አረጋገጥን» ማለት አይደለም። ዳኛው ማስረጃ አጥቶ ያሰናበተው ሁሉ ንጹሕ ነው አይባልም። ይህን በወረቀቱ ግርጌ አስፍሬዋለሁ።

ራስዎን ያምዎት እንደሆነ አልነገሩኝም።

በአክብሮት፣ ዳሶም


ጄጁ፣ በአሥራ አንደኛው ጨረቃ፣ በስምንተኛው ቀን

ለልጄ፣ ለኩራቴ፣ ለዳሶም፣

ያሰብሽው ይሳካልሽ፤ ያላሰብሽውም መልካሙ ይምጣልሽ። እኔ ዛሬ ወጣት ነኝ!

ወረቀትሽን ይዤ ወደ እሳቱ ቦታ ሄድኩ። ሁሉም እስኪሰበሰቡ ጠበቅሁ። ከዚያ ለጸሐፊዋ ሰጠኋትና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብ አደረግኋት፤ እኔ ባልሰማም አፏን አያለሁ። የግርጌውን ረጅም ነገር ዝለይው አልኳት፤ የተማሩ ሰዎች መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር አያጡም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝም ልሁን፣ ወረቀቴን ግን ከደረቴ አልለቀውም።

የገረመኝ ማንም አለማጨብጨቡ ነው። አንዷ አንዷን አየች። ዮንሲል የምትባለው አዲሷ ልጅ እንጨት ልታመጣ ብላ ወጣች፤ እንጨቱ እኮ ሞልቶ ነበር። ማልሱን ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ እኔ የዘለልኩትን ግርጌውንም አነበበች። አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ አሸዋው ላይ «ይሁን» ብላ ጻፈችና ዝናብ ላይ ወጥታ ቆመች። ቅናት ነው ብዬ ተውኳት። ሐሳቧንም ለጊዜው ተወችው። ጥልቁ የእኔ ነው።

ከዚያ ዱቄት ሁለት ፓኬት ላኪልኝ። ጎረቤቴ ወዳዋለች።

ቹኖክ


ኦሳካ፣ ጃንዋሪ 14

ለተከበሩ ሳምቹን፣

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ቀላል ነበር፤ ነገር ግን አይደለም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የእርስዎ ደስታ ደስ አላሰኘኝም። ሴቶቹ ለምን ዝም አሉ? ይህ አላስተኛ ብሎኝ ቁጥሮቹን እንደገና አወጣኋቸው። እኔ ያየሁት አማካዩን ብቻ ነበር፤ ቀናቱን አንድ በአንድ አላየሁም። አምና አንዳንድ ቀን አራት ኪሎ፣ አንዳንድ ቀን ሃያ ያወጡ ነበር። ዘንድሮ ግን ከዘጠኝ የወረዱበት ቀን የለም፤ ከአሥራ አራት ያለፉበትም የለም። ባሕሩ ሲናወጥም አሥራ አንድ፣ ረጭ ሲልም አሥራ ሁለት። ሳምቹን፣ ባሕር እንዲህ አይሰጥም። እንዲህ እኩል አድርጎ የሚሰጥ ሰው ነው።

ልጅ ሆኜ ዓለቱ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅዎ ያየሁት ትዝ አለኝ። ጠንካሮቹ ከባሕር ሲወጡ ከመረባቸው እፍኝ እያነሱ ምንም ሳይናገሩ ደካሞቹ መረብ ውስጥ ይጨምሩ ነበር። እርስዎ እጇ ለማይታዘዝላት ለዚያች ሴትዮ ስንት ጊዜ ሲጨምሩላት አይቻለሁ። የእናንተ ወግ ነው። እኔ ግን የመረቡን ክብደት ነው የፈተሽኩት፤ የእርስዎን እጅ አልፈተሽኩም። መረቡ አለመድከሙን መስክሬ ማኅተም አደረግኩበት።

ልሳሳት እችላለሁ። ማወቅ ካልፈለጉ ይህን ደብዳቤ ያቃጥሉትና አልደረሰኝም ይበሉኝ። ማወቅ ከፈለጉ ግን እንዲህ ያድርጉ። እያንዳንዱን ቀንድ አውጣ ወደ መረቡ ከመክተትዎ በፊት ከዓለት በሚነቅሉበት ብረትዎ ጀርባው ላይ አንድ ጭረት ያድርጉበት። ሰው ነውና ይረሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማንም በማይቀርብዎ ቦታ አንድ ቀን ይሞክሩትና ከስንቱ ስንቱን ጭረት እንደረሱ ይቁጠሩ። ከዚያ ጥልቁ ውስጥ ያውጡና ጭረት የሌላቸውን ይቁጠሩ። ድርሻቸው ከመርሳትዎ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ እኔ አጉል ጠርጣሪ ነኝ። በጣም ከበለጠ ግን የሌላ ሰው እጅ አለበት።

ዱቄቱን አንድ ብቻ ልኬያለሁ። ጎረቤትዎ ሐኪም ቢያያት ጥሩ ነው።

በአክብሮት፣ ዳሶም


ጄጁ፣ በአሥራ ሁለተኛው ጨረቃ፣ በሃያ አምስተኛው ቀን

ዳሶም፣

ባሕሩ ይጠብቅሽ። ዛሬ ከዚህ በላይ ምርቃት የለኝም።

ሌላ ሰው ይህን ቢጽፍልኝ ቀድጄ እሳት ውስጥ እጨምረው ነበር። ማን ነው ደፍሮ እጁን መረቤ ውስጥ የሚከተው? እኔ ለሰው እጨምራለሁ እንጂ ለእኔ አይጨመርም። እኔ እኮ ቡ ቹኖክ ነኝ። የዚህ መንደር ሴት ሁሉ ትንፋሽ መያዝ የተማረችው እኔን እያየች ነው።

ግን እንቅልፍ ነሳሽኝ። ውኃ ውስጥ ስሆን መረቤ ከላይ ከመንሳፈፊያው ጋር ብቻውን ነው፤ ማን እንደሚቀርበው አላይም። የሚዋኝ ሰው ድምፅም አልሰማም። ይህን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም።

ያልሽውን አደረግሁ። ከመብራት ማማው በታች፣ ማንም በማይመጣበት ቦታ፣ አርባ አወጣሁ። ጭረት የረሳሁት አራቱን ነው። ከአሥር አንድ ማለት ነው። አየሽ፣ ራሴን አልሸፋፈንኩም። የጨረቃው አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ጥልቁ ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ያን ጊዜ አንቺም ማልሱንም ታፍራላችሁ። መረቡ በእኔ ጭረት ብቻ ሲሞላ ታያላችሁ። እንዴት አድርጌ እንደምሞላው እኔ አውቃለሁ።

ዱቄቱን ሦስት ላኪ። ጎረቤት የሚባል የለም፤ ለራሴ ነው።

ቹኖክ


ኦሳካ፣ ፌብሩዋሪ 22

ለምወድዎ ለሳምቹን፣

ደብዳቤዎ በመንገድ ቆይቶ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤት ቆሜ ነው። በፈጣን ፖስታ ይደርስልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እባክዎን አያድርጉት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቤ መናገር ነበረብኝ። እየተመዘነ መሆኑን ያወቀ ሰው እንደ ወትሮው አይሠራም። እርስዎ አሁን ቀንድ አውጣ ሊያወጡ አይደለም የሚወርዱት፤ እኔን ሊረቱ ነው። ከትንፋሽዎ በላይ እንዳይቆዩ እፈራለሁ። ከዚያ የሚወጣው ቁጥር ለፈተናውም አይረባም፤ ለእኔ ግን ቁጥሩ ገደል ይግባ።

ዱቄቱን አልልክም። አንድ ሐኪም ጠይቄ ነበር። ራስ ምታቱ «ውጪ» የሚል የሰውነት ድምፅ ነው፣ ዱቄቱ ያንን አፍኖ ያስቀረዋል አለኝ። እርስዎ የሚሰሙት አንድ ድምፅ እሱ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም እኔ ከኦሳካ እየገዛሁ ዘጋሁብዎ።

አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ።

ዳሶም


ኦሳካ፣ ማርች 18

ለሳምቹን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አንድ ወር ሊሞላ ነው፤ መልስ የለም። ትናንት ለማልሱን ስልክ ደወልኩ። «ራሷ ትጻፍልሽ» ብላ ዘጋችው። ተቆጥታ ይሁን አልቅሳ አላወቅሁም። እናቴ ልብሷን ሸክፋ ተቀምጣለች። እባክዎን።

ዳሶም


ጄጁ፣ በሁለተኛው ጨረቃ፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን

ለልጄ ለዳሶም፣

የነፋሷ እመቤት በደህና መጥታ በደህና ተመልሳለች፤ ላንቺም በረከቷን ትታልሻለች። ሳትጨርሺ እንዳታለቅሺ፤ ይኸው በገዛ እጄ እየጻፍኩ ነው። እናትሽም ሻንጣዋን ትፍታ።

አትውረጂ ያልሽኝ ደብዳቤ የደረሰው አንድ ቀን ዘግይቶ ነው። እኔ የወረድኩት በዋዜማው።

ዱቄቱን እጥፍ አድርጌ ጠጣሁና ገባሁ። ያወጣሁትን ሁሉ እየጫርኩ ከተትኩ። ቀኑ ጥሩ አልነበረም፤ መረቡ አልሞላ አለኝ። ድሮ ቢሆን እወጣ ነበር። ያን ቀን ግን ጭረት የሌለው አንድም እንዳይገኝ ብዬ፣ ማንም ሳይደርስብኝ ልሙላው ብዬ፣ ደጋግሜ ወረድኩ። በመጨረሻ ዓለት ሥር አንድ ትልቅ አየሁ። ትንፋሼ አልቋል። አንዴ ብቻ ልዘርጋ አልኩ። ለልጆቹ ሁሉ የማስተምረው እኮ ይህንኑ ነው፦ «አንዴ ብቻ» ያለች አትወጣም። ራሴን ቢያመኝ ኖሮ እነቃ ነበር። ምንም አላመመኝም። እንዲያውም ደስ የሚል ሙቀት ተሰማኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ማልሱን በፀጉሬ ጎትታ አወጣችኝ። ስነቃ እሳቱ አጠገብ ተኝቻለሁ፤ ሴቶቹ ከበውኛል፣ ዮንሲል እግሬን ታሻለች። ማልሱን ትጮኻለች፤ አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፤ አንዱንም አልሰማሁም። እንዳልሰማኋት ሲገባት ዙሪያዋን አየች። አሸዋው በእግር ተረጋግጦና ውኃ ጠጥቶ ቦክቷል፣ አይጻፍበትም። ከእሳቱ ዳር ከሰል አነሳችና ግድግዳው ላይ በትልልቁ ጻፈች፦

«መረብሽ ባዶ ሲሆን አትወጪም። እንድትወጪ ብለን ነው የምንሞላው።»

አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ልጄ፣ ስልሳ ዓመት ለሰው ስጨምር ለምጽዋት ይመስለኝ ነበር። ሴትዮዋ ባዶ መረብ ይዛ ወደ ቤት እንዳትገባ፣ እንዳታፍር ብዬ ነበር የምጨምረው። ለካ ሌላም ነገር ኖሯል። የጎደለው መረብ ሰውን ታች ያስቀረዋል። እነሱ ካምናው ክረምት ጀምረው፣ እኔ ታች ስሆን ተራ በተራ እየዋኙ እየመጡ ይጥሉልኝ ነበር፤ ብቅ ስል «በቃኝ» ብዬ እንድወጣ። ጥፋት ፍለጋ ታየኛለች ያልኩሽ ማልሱን፣ በቂ ትንፋሽ ይዤ መውጣቴን ነበር የምታየው። በይፋ ልታወጣኝ ስትሞክር ደግሞ አንቺን ወረቀት አስጻፍኩብሽ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የእኔ እንኳ ደህና ሰበብ አለው።

የዚያን ቀን ባሕሩ ውስጥ ስዘገይባቸው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ደጋግመው የጣሉልኝ። መረቤን ተኝቼ አስመጣሁና ቆጠርኩት። ስልሳ ሰባት። ጭረት ያለው አርባ አንድ፣ ጭረት የሌለው ሃያ ስድስት። እንዳልሽው አሰላሁት፤ ከአሥር አንድ ብረሳ ስድስት ወይ ሰባት ነው የሚሆነው። ሃያ ስድስት የሚረሳ ጭንቅላት የለኝም። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ይህን ለመጠየቅ ግን ያስፈልግ ነበር።

ይቅርታ ብለሽ ደብዳቤ እንዳትልኪልኝ። ግርጌውን ጽፈሽልኝ ነበር፤ ያስዘለልኩት እኔ ነኝ። ባትጠረጥሪ ኖሮ ደግሞ ማልሱንን እየጠላኋት እሞት ነበር። ይህ ግን ለፈተናሽ ይሁንሽ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ስትመዝኚ፣ ከመመዘንሽ በፊት ሄደሽ ከሰዎቹ ጋር እሳት ሙቂ።

ጭረት የሌላቸውን ሃያ ስድስቱን ለሚዛን አልሰጠሁም። እዚያው ትልቁ ድስት ውስጥ ቀቅዬ ለሁሉም አቀረብኩ። የማን ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም። ማልሱን ከሁሉ የበለጠ በላች፤ ስትበላ እንባዋ ይወርድ ነበር፣ ጭሱ ነው አለች። እኔም ጭሱ ነው አልኩ።

ከሥርዓቱ በኋላ ስብሰባው ሲደረግ ማልሱን ሐሳቡን አላነሳችም፤ አሁንም ልታሳፍረኝ አልፈለገችም። ስለዚህ እኔ ተነሳሁ። ሰባ አምስት ያለፈ ሰው ከጥልቁ ይውጣ፣ ሐሳቡን የማቀርበው እኔ ነኝ አልኩ። እጄን መጀመሪያ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ከባድ አይደለም ብዬ አልዋሽሽም። ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስሄድ ጥልቁን ዞሬ አላየሁትም፤ ባየው እመለስ ነበር።

አሁን የአሮጊቶች ባሕር ውስጥ ነኝ። መረቤ ውስጥ እጇን የምትከት ካለች በድንጋይ እላታለሁ ብዬ ለሁሉም አስታውቄያለሁ፤ ለእርግጠኛነትም እየጫርኩ ነው የምከተው። ትናንት ስድስት ይዤ ወጣሁ። ስድስቱም ጭረት አላቸው።

ሳምቹንሽ ቹኖክ